ስለ ራዲዮ ጋዜጠኛ ሽልማትና ከአምቦ መንገድ ስለሚጠበቀው ወሬ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ አምቦ ይገባል። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ተማሪ፣ ወይም ሪፖርት ለማድረስና በጀት ለማስፈቀድ የሚወጣና የሚወርድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሾፌሩ የከፈተውን ራዲዮ ወዶም ሆነ ሳይወድ ሲሰማ ይውላል። ራዲዮው ስለ ተከፈተ ስብሰባ፣ ስለ ተመረቀ ሕንፃ፣ ስለ ተሰጠ መመሪያ ይናገራል። ተሳፋሪው ግን በመስኮት የጤፉን ማሳ እየተመለከተ እርስ በርሱ የሚጫወተው ሌላ ነው፤ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ ሰላም፣ ስለ ልጁ የፈተና ውጤት። በአንድ መኪና ውስጥ ሁለት ወሬ ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አይሰማውም። ለራዲዮና ለቴሌቪዢን ጋዜጠኞች ስለሚሰጠው ሽልማት ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው የሁለት ወሬ ነገር ነው።

በውጭ አገር የራዲዮና የቴሌቪዢን ሰዎች አጥብቀው ከሚመኟቸው ሽልማቶች አንዱ ፒቦዲ የተባለው ነው። የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1940 ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የጋዜጣ ጸሐፊዎች የሚሸለሙበት የፑሊትዘር ሽልማት ዝናው ገንኖ ነበር፤ በራዲዮ የሚናገረው ሰው ግን ምንም ያህል ቢደክም ወደዚያ ማዕድ አይጠራም ነበር። ስለዚህ የራዲዮ ጣቢያዎች ማኅበር ነገሩን በኮሚቴ መከረበት፤ በአትላንታ ከተማ የአንድ ራዲዮ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ላምዲን ኬይም አሳቡን ለጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አቀረበ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተቀበለው። ስሙ የመጣው ለዩኒቨርሲቲው ብዙ ገንዘብ ከሰጠው ከባለጸጋው ከጆርጅ ፎስተር ፒቦዲ ነው። የመጀመሪያው ሽልማት በኒው ዮርክ የተሰጠው መጋቢት 22 ቀን 1933 ዓ. ም. ነበር። በዚያ ቀን አዲስ አበባ ከጠላት እጅ ለመውጣት ስድስት ቀን ይቀራት ነበርና፣ እኛ በሌላ ነገር ተጠምደን ነበር ማለት ይቻላል።

የዚህ ሽልማት አሠራር ትኵረት የሚያሻው ነው። ዳኞቹ አንድን ሥራ ለመሸለም የሁሉም ድምፅ አንድ መሆን አለበት፤ በብልጫ ድምፅ ብቻ አይወሰንም። ለዜና ይህን ያህል፣ ለሙዚቃ ያን ያህል ተብሎ አስቀድሞ የተቈረጠ ኮታም የለም። ስንት ሰው ሰማው፣ ስንት ማስታወቂያ አስገኘ የሚለው አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ሥራው በራሱ ምን ያህል መልካም ሆኖ እንደ ተሠራና ነገሩ ለሰው ሊነገር የሚገባው እንደ ሆነ ነው። ለውድድር የሚቀርበውም የተላለፈው ፕሮግራም ራሱ ስለ ሆነ፣ ባለፉት ዓመታት የቀረበው ሁሉ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይኖራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከለንደን የቦምቡን ናዳ ለአሜሪካ ሕዝብ ያሰማ የነበረው ኤድዋርድ መሮ በ1943 እ. ኤ. አ. ከተሸለሙት አንዱ ነው። መሮ በጣሪያ ላይ ቆሞ ያየውን ተናገረ እንጂ አንድ ባለ ሥልጣን የሰጠውን መግለጫ አላነበበም።

ሽልማት ለእኛም አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከአምቦ ራቅ ሳይል ቦዳ በተባለው ስፍራ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 እ. ኤ. አ. ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሽልማት ድርጅት ሽልማት ተቀብሏል። የአምቦ ሰው ይህን ሲያነሣ እስከ ዛሬ ደረቱን ይነፋል፤ ቢነፋም ይገባዋል። ከዚያ ወዲህም ከ2005 ዓ. ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰጠው የበጎ ሰው ሽልማት ከዘርፎቹ አንዱን ለመገናኛ ብዙኃንና ለጋዜጠኝነት መድቧል። ባለቅኔ ግን ከቤቱ ተቀምጦ ሊጽፍ ይችላል። የራዲዮ ጋዜጠኛ ግን የሌላው ሰው ድምፅ ካልተሰጠው፣ ሄዶም እንዲቀዳ ካልተፈቀደለት የሚሸለምበት ሥራ አይኖረውም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በራዲዮና በቴሌቪዢን ዘገባ ታሪክ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ስሟ በትልቅ ሽልማት ተነሥቷል፤ ሁለቱም ጊዜ የተነሣው በረሃብ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ የተሸለሙት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። ይህን ማለታችን እንግዳን ለመውቀስ አይደለም። እንግዳው የሠራው መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ነገሩን በሚገባ ያጤነ ሰው አንድ ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም፤ የእኛ ሰዎች ያን ጊዜ የት ነበሩ?

የመጀመሪያው የወሎ ነገር ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ያነሣው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዢን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ. ም. ነው። ያላወቁት ረሃብ የሚል ትርጕም ያለው ስም ተሰጥቶት ነበር። የእንግሊዝ ሕዝብ አይቶ ደነገጠ፤ ገንዘብም አዋጣ። ጋዜጠኛው ለዚህ ሥራው በብሪታንያ ታላቅ በሆነው በሪቻርድ ዲምብልቢ ሽልማት ተከበረ፤ ሪቻርድ ዲምብልቢ የገዛ አባቱ፣ ስመ ጥር የነበረ የራዲዮ ሰው ነው። ፊልሙ «ያላወቁት» ይበል እንጂ ረሃቡን የሚያውቅ ሰው ግን ነበር። ከዚያ ስድስት ወር ያህል አስቀድሞ፣ በ1965 ዓ. ም. ሚያዝያ ገደማ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው ነበር፤ ፎቶግራፉም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለተማሪዎች ታይቶ ነበር። ስለዚህ ወሬውን አስቀድሞ ያመጣው የአገሩ ሰው ነው። መምህራኑ ዐይን ነበራቸው፣ ካሜራም ነበራቸው፤ ያልነበራቸው ማሠራጫው ነው። ራዲዮውም ቴሌቪዢኑም በአዲስ አበባ ቆመው ነበር፤ ቴሌቪዢኑ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። ማይክሮፎኑ ግን ወሎ አልወረደም። በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ከአርባ ሺህ እስከ ሁለት መቶ ሺህ እየተባለ ቍጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የሞተውን ሰው በጊዜው የቈጠረ ስላልነበረ ክርክሩ የሚያልቅ አይመስልም።

የዚህ ፊልም ነገር በዚህ ብቻ አላበቃም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ. ም. በዘመን መለወጫ ምሽት፣ ደርግ ይኸንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋራ አቀያይጦ በኢትዮጵያ ቴሌቪዢን አሳየ፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ተማሪዎቻችን ይህን ታሪክ ሲያነቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቁት የፊልሙን ኀይል ነው። እኛ ግን ሌላውንም ወገን እንዲያዩ እንወዳለን። እውነተኛው ሥዕል እውነተኛ ሆኖ ሳለ፣ ሌላ ሰው ሌላ ሥዕል አስጠግቶ ለራሱ ጕዳይ ሊያውለው እንደሚችል የሚያሳይ ነውና። ለሞተው የወሎ ገበሬ ያን ምሽት የተጨመረለት ነገር የለም። ደግሞም በዚያን ጊዜ ቴሌቪዢን ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ብዙም አይደርስም ነበር፤ የሚናገረውም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። የጉደርና የጌዶ ገበሬ የዘመኑን መለወጥ የሰማው በራዲዮና ከገበያ በሚመጣ ሰው አፍ ነው።

ሁለተኛው የኮረም ነገር ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ. ም. ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛ ያቀረበውና ሞሐመድ አሚን የተባለው የኬንያ ሰው ያነሣው የኮረም መጠለያ ሥዕል ለዓለም ታየ። ከአራት መቶ በሚበልጡ የቴሌቪዢን ጣቢያዎች እንደ ተላለፈ ይነገራል። ሥራው በብሪታንያ ተሸለመ፤ የሙዚቃ ሰዎችም ተነሡ፤ ብዙ እህል መጣ። በዚህም ጊዜ ቢሆን ወሬው አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ የእርዳታና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከወራት በፊት ለለጋሽ አገሮች አስጠንቅቆ ነበር። በአገር ውስጥ ግን መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ. ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ የራዲዮውና የቴሌቪዢኑ ሰዓት በበዓሉ ተይዞ ነበር። ልብ በሉ፤ መንግሥቱ ተለውጧል፣ የመሪው ስም ተለውጧል፣ ማሠራጫው ግን በሁለቱም ዘመን ለተራበው ሰው አልተከፈተም።

ስለ ሞሐመድ አሚን ጥቂት ብንጨምር አንባቢ አይቀየመንም። ሥዕሉን ያነሣው እርሱ ሆኖ ሳለ በብዙ ሰው አፍ የቀረው የተናጋሪው ስም ነው። አሚን በኋላ አንድ እጁን በአዲስ አበባ በደረሰ የጥይት ግምጃ ቤት ፍንዳታ አጣ፤ ሥራውን ግን አልተወም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ. ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። የሲ ኤን ኤን የአፍሪካ ጋዜጠኞች ውድድር የፎቶግራፍ ሽልማቱን በአሚን ስም ሰይሞ ነበር። ስለ ሽልማት በሚጻፍ ነገር ካሜራ የሚሸከመው፣ መኪና የሚነዳውና ቋንቋ የሚያስተረጕመው ሰው ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራልና፣ እኛ እንኳ በዚህ እናስታውሰው።

አሁን ወደ አምቦ መንገድ እንመለስ። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ. ም. በጊንጪ ከተማ ተማሪዎች ወጥተው አቤት አሉ። የመነሻው ነገር በአቅራቢያቸው የነበረ የጫካና የመጫወቻ ሜዳ መሬት ነው፤ ከኋላው ግን የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ያመጣው የመሬት ሥጋት ነበረበት። ከዚያ ቀን የተነሣው ነገር ኦሮሚያን ሁሉ አዳርሶ፣ ብዙ ሰው ሞቶበት፣ በሦስተኛው ዓመት የአገሪቱን መሪ እስከ መለወጥ ደረሰ። ጊንጪ ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ አትሆንም። አንድ የራዲዮ ጋዜጠኛ ጧት ተነሥቶ ሄዶ፣ ከተማሪው፣ ከርእሰ መምህሩ፣ ከገበሬውና ከወረዳው አስተዳዳሪ ቃል ቀድቶ ማታ ሊመለስ ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ዘገባ በጊዜው ቢተላለፍ ነገሩ ሁሉ ይቀር ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን ሕዝቡ የራሱን ነገር ከራሱ አገር ጣቢያ በሰማ ነበር። የሰማው ግን ከሜኒያፖሊስ ነው። በ2006 ዓ. ም. በአሜሪካ የተቋቋመው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ በሳተላይት የሚያስተላልፈውን ወሬ የምዕራብ ሸዋ ሰው በየቤቱ ይከታተል ነበር። በጥቅምት 2009 ዓ. ም. የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ መመሪያ እርሱንና ኢሳትን መመልከትን ከለከለ። አድማጩ የራሱን ጣቢያ እንዲያምን ከማድረግ ይልቅ የሌላውን እንዳይሰማ መከልከል የቀለለ ይመስላል፤ ሳህኑን ከጣሪያ ማውረድ ይቻላልና። እምነት ግን በመመሪያ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ባሕር ማዶ ያለው ሁሉ እውነት፣ የአገር ውስጡ ሁሉ ሐሰት ነው ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። ከሩቅ የሚናገር ሰው ለተናገረው የሚከፍለው ነገር አነስተኛ ስለ ሆነ አንዳንድ ጊዜ ቃሉን አይመዝንም፤ በስልክ የደረሰውን ሳያጣራ ያስተላልፋል፤ ቍጣንም ያቀጣጥላል። አምቦ ይህንንም አይታለች። የሃጫሉ ሁንዴሳ ቀብር ሰኔ 25 ቀን 2012 ዓ. ም. በአምቦ ሲፈጸም ሥርዐቱ በኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ በቀጥታ ተላልፎ ነበር፤ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ስለ ነበረ፣ በእነዚያ ቀኖች ሰው ያለ ቴሌቪዢኑና ያለ ራዲዮው ሌላ የሚይዘው አልነበረውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዲት ያልተጣራች ቃል የሰው ሕይወት ልታጠፋ ትችላለች፤ ተጣርታ የተነገረች ቃልም ልታድን ትችላለች። ጋዜጠኛን ለሽልማት የሚያበቃውም ድምፁ ማማሩ ሳይሆን ይህ ማጣራቱ ነው።

ከመስከረም 2010 ዓ. ም. ወዲህ ቢቢሲ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ ሥራ ጀምሯል። ይኸው ድርጅት በ2014 እ. ኤ. አ. በድንገት በሞተው በጋናዊው ጋዜጠኛ በኮምላ ዱሞር ስም ከ2015 ጀምሮ በአፍሪካ ውስጥ ለሚሠሩ ጋዜጠኞች የሚሰጥ ሽልማት አለው። የመጀመሪያዋ አሸናፊ ከኡጋንዳ ነበረች፤ ከዚያም ናይጄሪያዎችና ኬንያዎች ተከታትለው ወስደውታል። የአሸናፊው ዋጋ ለንደን ሄዶ ለጥቂት ወራት መሥራትና፣ ወደ አፍሪካ ተመልሶ አንድ ዘገባ ማቅረብ ነው።

ከአምቦ የሚነሣ ወጣት እንዲህ ላለው ሽልማት ምን ሊያቀርብ ይችላል? ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማው ከ1930 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ጠበሉን በጠርሙስ አሽጎ ለአገር ይሸጣል፤ አምቦ ውሃ ያልጠጣ ኢትዮጵያዊ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋዜጠኛው እንግዲህ ከፋብሪካው በር ተነሥቶ ወደ ሰፈር ይሂድ። በየቤቱ ቧንቧ በሳምንት ስንት ቀን ይወርዳል? ጀሪካን የሚሸከመው ማን ነው? የከተማው የውሃ አገልግሎት ባለፉት አምስት ዓመታት ምን ያህል አቀደ፣ ምን ያህልስ አደረሰ? ከፋብሪካው ግብር ለከተማው የሚደርሰው ስንት ነው? ይህን ሁሉ በሰነድ አጣርቶ፣ የእናቲቱን ድምፅ በኦሮምኛ እንዳለ አስሰምቶ፣ የኀላፊውንም መልስ ሳይቈርጥ ቢያቀርብ፣ መልሱ መልካም ቢሆን መልካም ነው ይበል፤ ክፉም ቢሆን ክፉ ነው ይበል። እንዲህ ያለ ዘገባ ጆርጂያ ቢደርስ ዳኞቹ የሚያሳፍር ነገር አያገኙበትም፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ ለተሠራ ሥራ ትርጕም ማያያዝ ብቻ ነው የሚጠየቀው። ዘገባው ባይሸለም እንኳ ጥቅሙ ለአምቦ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ከጋዜጠኛው ወደ ወጣቱ ሹም ይዞራል። የዞንና የወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ዜናውን ራሳቸው ጽፈው፣ ፎቶግራፉንም አንሥተው ለጣቢያ ይልካሉ። ጣቢያውም ሰውና መኪና ስለሚያጥረው እንደ መጣ ያነበዋል። ጸሐፊው የመሥሪያ ቤቱ ተቀጣሪ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ጕድለት ጽፎ ይላክ ብንል የማይቻል ነገር መጠየቃችን ነው። ስለዚህ ልጁን አንወቅሰውም። ነገር ግን እርሱ የሚጽፈው ማስታወቂያ እንጂ ዘገባ አለመሆኑን ሁለቱም ወገን ሊያውቁት ይገባል። ከእርሱ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው፤ ጋዜጠኛ መጥቶ ሰነድ ሲጠይቅ በሩን መክፈት። በ2000 ዓ. ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቍጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መሥሪያ ቤቱም ቢበዛ በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ደነገገ። ስንት ወጣት ሹም ይህን አንቀጽ አንብቦታል? «የበላይ ኀላፊ የለም፤ ነገ ተመለስ» የሚለው መልስ በየቢሮው ደጃፍ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ሠላሳው ቀን በዚያ ነገ ውስጥ ያልቃል። ጋዜጠኛውም ሰልችቶት ወደ ስብሰባው ዜና ይመለሳል። በአንዳንድ ወረዳዎች ደግሞ ባለፉት ዓመታት ከታጠቀው ኀይል ጋራ ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ ራሱ የሚያስፈራ ሆኗል፤ እዚያ የሚኖረውን ሰው ወሬ የሚያመጣ ያለ ስልክ ሌላ የለም፤ ስልክም ይቋረጣል።

አንድ ነገር ብቻ ጨምረን እንተወው። ፒቦዲ የሚመዝነው የተላለፈውን ሥራ ራሱን ነው ብለናል። በጆርጂያ በ1940ዎቹ የተላለፈ የራዲዮ ፕሮግራም ዛሬ ተማሪ ሄዶ ሊያዳምጠው ይችላል። ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ አንድ ተማሪ ደግሞ ስለ ገዛ ከተማው በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ከዐሥር ዓመት በፊት የተላለፈ አንድ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ለጥናቱ ቢፈልግ፣ የማንን በር ያንኳኳል? ቅጂውስ ተቀምጦለት ይሆን?